ወንድሜ መንተባተብ ያቆመበት ሳምንት

ይህን የምጽፍላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን ነው።

እንዲያውም... በአፌ የቀመስኩትን።

እየበላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ጨርሱ፤ የምሬን ነው። እኔ ከዚያ ሳምንት ወዲህ ጉርሻዬን ገልበጥ አድርጌ ሳላይ ወደ አፌ አላስገባም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ንፋስ የለም፣ ባሕሩ ጭጭ ብሏል።

ሴልፊና እባላለሁ። ሚሶል ደሴቶች ውስጥ ዋይሎ በምትባል መንደር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ቱሪስት ይዤ ባሕር ውስጥ እየጠለቅኩ፣ ዓሣ እያሳየሁ ኖሬያለሁ። ከውሃ በታች ያለ ነገር አስጠልቶኝ አያውቅም ነበር።

ነበር ነው የምላችሁ።

የመንደራችን ባሕር በዓመት ስምንት ወር ይዘጋል። ሳሲ እንለዋለን። የሚዘጉትም የሚከፍቱትም ሴቶቹ ናቸው፤ በጸሎት ይዘጉታል፣ በጸሎት ይከፍቱታል። በተዘጋበት ጊዜ ማንም መረብ አይጥልም። አንድ ሕግ ደግሞ አለ፣ ጡት ያልጣለ ሕፃን ሳይቀር የሚያውቀው። ከተዘጋ ባሕር የወጣ ነገር ወደ አፍ አይገባም።

ተሳስቶ ያስገባ ሰው በሴቶቹ ፊት ይቆምና በገዛ አንደበቱ "በልቻለሁ" ይላል። አፉን በጨው ውሃ ይጉመጠመጣል። አለቀ። ትንሽ ይሳቅበታል እንጂ ማንም አይቀጣውም።

ግን በገዛ አንደበቱ ነው። ሌላ ሰው ሊናገርለት አይችልም።

ባሕሩ ሊከፈት አምስት ቀን ሲቀረው አንድ ሰው ወርዶ ይቆጥራል። ሎብስተሩ በዝቷል ወይ? ወፍራም ትል የመሰለው የባሕር ኪያርስ ወፍሯል ወይ? ቆጣሪዋ እኔ ነኝ። የምቆጥረውን የሚጽፍልኝ ታናሽ ወንድሜ ሜልኪያስ ነው።

ሜልኪ ተብታባ ነበር። ከአራት ዓመቱ ጀምሮ። ሳቂታ፣ ደግ፣ እጁ ከሥራ የማይቦዝን ልጅ ነው። ሰው ፊት አፍ መክፈት ግን ለእሱ ሞት ነበር። "ውሃ" ለማለት ሲታገል የአንገቱ ሥር ይገታተራል፣ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የጀመረውን የምጨርስለት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ያለን የአየር ሲሊንደር አንድ ነው። በጥርስ የሚነከሰው የጎማ መተንፈሻም አንድ። ስለዚህ ስንወርድ እንካፈላለን። እኔ ሁለቴ እተነፍስና ለእሱ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ሁለቴ ይተነፍስና ይመልስልኛል። ከአፉ ወደ አፌ፣ ከአፌ ወደ አፉ። ቱሪስቶቹ ቢያዩን ይጮኹ ነበር። እኛ በአንድ ማንኪያ እየበላን ያደግን ነን፣ ምንም አይመስለንም።

ወረድን።

አሥራ ሁለት ሜትር ላይ ትንንሽ ብርቱካናማ ዓሦች አሉ። ከእነሱ መሀል አልፎ አልፎ የምላስ ቅማል ያለበት ይገኛል። ቱሪስት ስለሚወደው አውቀዋለሁ። ቅማሉ የሩዝ ፍሬ አክሎ ዓሣው በሚተነፍስበት ስንጥብ ይገባል። ምላሱ ላይ ይጣበቅና ደሙን ይመጣል፣ ይመጣል... ምላሱ ደርቆ እስኪረግፍ ድረስ። ከዚያ በቀረው ጉማጅ ላይ ይቀመጥና ራሱ ምላስ ይሆናል። ዓሣው አፉን ሲከፍት ከውስጥ ሁለት ጥቁር ዓይኖች ያዩአችኋል።

ከሃያ ዓሣ አንዱ ቢኖረው ነው።

ያን ቀን የመጀመሪያው ዓሣ ነበረው።

ሁለተኛውም።

አምስተኛውም...

ሜልኪ ነካ አደረገኝ። በሚጽፍበት ሰሌዳ ላይ "ሁሉም?" ብሎ ጽፏል። በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩ። ሁሉም ነበራቸው። የከነከነኝ ግን እሱ ብቻ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ስንቀርብ እየተሹለኮለኩ የሚደበቁት ዓሦች ዝም ብለው ቆመዋል። ወደ እኛ ዞረው። አፋቸውን እኩል እየከፈቱ፣ እኩል እየዘጉ።

ቆጥረን ወጣን። ጀልባዋ ላይ ተቀምጬ ቁጥሩን እየደመርኩ ሳለ "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሜልኪ ከታች ይዞት የወጣውን የባሕር ጃርት፣ ያን እሾሃም ቅርፊት፣ ሰብሯል። ከልጅነታችን ጀምሮ ከውሃ በወጣን ቁጥር የምናደርገው ነው። ይሰበራል፣ ብርቱካናማው እንቁላል በአውራ ጣት ተጠርጎ በጥሬው ይበላል። እጁ ለምዶበት እንጂ አስቦበት አልነበረም።

"ሜልኪ!"

ጣቱ አፉ ውስጥ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

"ረ... ረ... ረሳሁት!"

"ትፋው!"

"ዋ... ዋጥኩት።" ወዲያው ፊቱ ተኮማተረ። እጁን አፉ ላይ ጫነ። ሲያነሳው ደም አለው። "ነ... ነከሰኝ!"

"ምኑ ነው የነከሰህ? እንቁላል ይናከሳል?"

"ው... ውስጡ የሆነ ነጭ ነ... ነገር..."

ሳቅሁበት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁበት። "የባሕር ጃርት ነክሶት ሞተ ብለን እንቀብርሃለን" አልኩት። እሱም ደሙን እየተፋ ሳቀ።

ከዚያ ሳቁ ጠፋ። ክንዴን ያዘኝ።

"እትዬ... ለማ... ለማማ ዶርካስ አትንገሪ።"

ማማ ዶርካስ የሴቶቹ አለቃ ናቸው። "አንተ ራስህ ትነግራቸዋለህ እንጂ እኔ ምን ልነግር" አልኩት። "አንዲት ቃል ናት። በልቻለሁ ትላለህ፣ ትጉመጠመጣለህ፣ ይስቃሉ፣ አለቀ።"

"አ... አርባ ሴት ፊት? እስክጨርስ ባ... ባሕሩ ይከፈታል።"

ቀልድ ሊያደርገው ፈልጎ ነበር። ከንፈሩ ግን ይንቀጠቀጣል። አንጀቴን በላው።

"እሺ። ማንም አላየም" አልኩት።

ጥፋቴ ይቺ ናት። ከእሷ በኋላ የመጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ረቡዕ ከአልጋው አልተነሳም። ጉንጩ አብጧል። ምራቁ ትራሱን አርሶ ወለሉ ድረስ ይንጠባጠባል፤ ወፈር ያለ፣ እንደ እንቁላል ነጭ የሚሳብ ምራቅ። ክፍሉ ውስጥ ማዕበል ሸሽቶ ትቶት የሄደ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ቀንድ አውጣ ዓይነት ሽታ አለ። አፉን እንዲከፍት ለመንኩት። እንቢ ብሎ ራሱን ወዘወዘ። በጥርሱ መሀል የሆነ ነገር ይሰማኛል... ጭር... ጭር... ጥፍር ጨርቅ ሲቧጥጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ።

ሐሙስ ጠዋት ከውጭ የሰው ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

አንድ ወንድ ያወራል። ጥርት ያለ ድምፅ፣ እንደ ውሃ የሚወርድ ንግግር። ሴቶቹ ይስቃሉ። ማነው ይሄ እንግዳ ብዬ በመስኮት አየሁ።

ሜልኪ ነው።

በሩ ላይ ቆሞ ለጎረቤቶቹ ስለ ሎብስተሮቹ ያወራል። አንድም ቃል አልያዘውም። አንድም!

ማማ ዶርካስ አገጩን ይዘው ያለቅሳሉ። "ልጄ! ልጄ! እስቲ ድገመው! ስሜን ጥራ እስቲ!"

"ማማ ዶርካስ" አለ። "ማማ ዶርካስ፣ ማማ ዶርካስ፣ ማማ ዶርካስ።"

ሴቶቹ እልል አሉ። ፓስተሩ ሮጦ መጣ። ከሰዓት ሳይደርስ መንደሩ በሙሉ ተአምር ነው ብሎ ወሰነ፤ የእሑዱን የመክፈቻ ጸሎት የሚያነበውም ሜልኪያስ ይሁን ተባለ።

እኔም አልቅሻለሁ፣ አልዋሽም። ሃያ ዓመት የጸለይኩት ነገር ነው። አቅፌው ሳለቅስ ግን ያ ሽታ ከአፉ ወጥቶ ፊቴ ላይ አረፈ።

ምሳ ፓፔዳ አቀረብኩለት። ከሳጎ ዛፍ ዱቄት የሚሠራ ሙጫ የመሰለ ገንፎ ነው፤ ሳይታኘክ ነው የሚዋጠው። ሜልኪ ጎረሰና አፉን ዘጋ። አልዋጠም። ዝም ብሎ ተቀመጠ። ጉንጩ ከውስጥ ቀስ እያለ ይንቀሳቀሳል፣ እሱ ግን አያኝክም። ቆይቶ አፉን ሲከፍት ባዶ ነው። ጉሮሮው አንዴም ሲውጥ አላየሁትም።

ጓሮ ወጥቶ ዓሣ ሳዘጋጅ የጣልኩትን የዓሣ ስንጥብ አነሳ። ቀዩን፣ ደም የቋጠረውን። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ አፉ አስጠጋው...

የመምጠጥ ድምፅ።

"ምን እያደረግክ ነው?" አልኩት።

"ምንም" አለ። ጥርት አድርጎ። ዞር ሲል ከንፈሩ ንጹሕ ነው። እጁ ላይ የቀረው የዓሣ ስንጥብ ግን እንደ ወረቀት ነጭ ሆኗል።

ሌላም ነገር ልብ አልኩ። ሲያወራ ከንፈሩና ቃሉ እኩል አይሄዱም። ቃሉ ቀድሞ ይወጣና ከንፈሩ ተከትሎ ይደርሳል። ከእኔ በቀር ያየ የለም። የእሱን አፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠብቅ የኖርኩት እኔ ነኛ።

ዓርብ እንደገና መውረድ ነበረብን። እሑድ ሴቶቹ የሚሠሩበትን ቦታ በገመድ መከለል የቆጣሪዋ ሥራ ነው። ብቻዬን እወርዳለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ገመዱ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

ወረድን። አሥራ ሁለት ሜትር።

እኔ ሁለት ትንፋሽ። ለእሱ ሰጠሁት።

እሱ ሁለት ትንፋሽ... ሦስት... አራት...

እጄን ዘረጋሁ። አልመለሰልኝም። ጎማውን ነክሶ ያየኛል። በመጥለቂያ መነጽሩ ውስጥ ዓይኖቹ ፈጠዋል። ደረቴ መቃጠል ጀመረ። ይዤ ጎተትኩት። የሆነ ነገር ከውስጥ ጎማውን ይዞ የሚታገለኝ መሰለኝ። ከዚያ ለቀቀ።

ቶሎ አፌ ውስጥ ከተትኩት። ውሃውን ለማስወጣት እፍ አልኩ።

አልወጣም።

ጎማው ውስጥ የተጣበቀ ነገር አለ። ለስላሳ። ለብ ያለ። ባሕሩ ቀዝቃዛ ነው፣ እሱ ግን ለብ ብሏል። ምላሴ ላይ ተዝለገለገ። መተንፈስ ነበረብኝና ተነፈስኩ፤ ከአየሩ ጋር ያ ሽታ፣ ያ የሞተ ቀንድ አውጣ፣ ጉሮሮዬ ድረስ ገባ። ከዚያ የታች ከንፈሬን የሆነ ነገር ወጋኝ። ትንሽ፣ ቆልመም ያለ፣ መንጠቆ የመሰለ።

መንጠቆው ተንቀሳቀሰ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥዬ ያለ የሌለኝን አስመለስኩ። ከከንፈሬ ላይ ነቅዬ መዳፌ ላይ አደረግኩት። እግር ነው። ነጭ፣ እንደ ጥፍር ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሦስት ቦታ የሚታጠፍ እግር። ከባለቤቱ ተለይቶ እንኳ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል... ይታጠፋል፣ ይዘረጋል...

ሜልኪ ከኋላዬ ወጥቶ ተቀመጠ። አላሳለውም፣ አላለከለከም።

"አፍህን ክፈት" አልኩት።

"ተይ፣ እትዬ።"

"ክፈት አልኩህ!"

ከፈተ።

ምላሱ በነበረበት ቦታ ተንጋሎ የተኛ ነገር አለ። እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት የነጣ፣ እርከን እርከን የሆነ ጀርባ ያለው። እግሮቹ ግራና ቀኝ የሜልኪን ድድ ቆንጥጠው ይዘዋል። አንዱ የለም። ሆዱ ያበጠ ነው፤ በስስ ቆዳው ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። ከፊቱ ሁለት ጥቁር ዓይኖች አሉ።

ያዩኛል።

ጀልባዋ ላይ መንጠቆ የምናወጣበት ጉጠት አለ። አነሳሁት። "ዝም ብለህ ቆይ። አንዴ ነው የምስበው።"

እጄን ያዘኝ። ጉልበቱ የወንድሜ ጉልበት ነው።

"ከዓሣ አፍ ስትስቢው ምን ይቀራል?" አለኝ በሹክሹክታ። "አንቺ ነሽ ለቱሪስቶቹ የምታስረጂው። ምን ይቀራል?"

የሚቀረውን አውቃለሁ። ጉማጅ።

"ከአራት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ነገር ጨርሼ ተናግሬ አላውቅም" አለ። "ሰው ሁሉ ይጨርስልኛል። አንቺም። የማልፈልገውን ትጨርሺልኛለሽ፣ እኔም ደክሞኝ እሺ እላለሁ። አሁን የምፈልገውን እናገራለሁ። ያንን ልትነቅይብኝ ነው?"

ልቤን ወጋኝ። እውነቱን ነው። ጉጠቱ ከእጄ ወደቀ።

"ሜልኪ... አሁን የምታወራኝ አንተ ነህ?"

ከንፈሩን ገጠመ።

"እኔ ነኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ከንፈሩ እንደተገጠመ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ማማ ዶርካስ ቤት ሄድኩ። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ፒናንግ የሚባለውን ፍሬ ያኝካሉ፤ ጥርሳቸውን አቅልቶታል። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጃርቱን፣ እግሩን፣ ዓይኖቹን።

ቀዩን ምራቅ ወደ ግቢው ተፉ።

"ጨረስሽ?"

"ማማ፣ በእናትዎ ይመኑኝ። ነገ ጸሎቱን አያንብብ። በመጀመሪያ በልቻለሁ ይበል። ይጉመጥመጥ።"

"ሴልፊ" አሉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። "እሱ ሲንተባተብ አፉ አንቺ ነበርሽ። መንደሩ እሱን የፈለገ እንደሆነ በአንቺ በኩል ነበር። አሁን አንቺን የሚፈልግ የለም። ይሄ ነው ሕመምሽ።"

"ቀንቼ ነው የሚሉኝ?"

"እኔ አላልኩም። ፊትሽ ነው የሚናገረው። ሂጂ ልጄ፣ ተኚ።"

"አፉን ያስከፍቱት። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት..."

"ሃያ ዓመት ያልተከፈተ አፍ እግዚአብሔር ከፈተ። እኔ ማን ነኝና ጎንበስ ብዬ የምመረምረው?"

እንዲህ ብለው አባረሩኝ።

እሑድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት መንደሩ በሙሉ ባሕሩ ዳር ወጣ። አርባው ሴቶች ነጭ ለብሰው ተሰለፉ። ሜልኪ ከፊታቸው ቆሞ ጸሎቱን አነበበ። እንዴት ያለ ድምፅ! ሽማግሌዎቹ ኮፍያቸውን አውልቀው አለቀሱ። እኔ ከጎኑ ቆሜ ጉንጩን አያለሁ። በማያነብበት ሰዓት እንኳ ጉንጩ ይንቀሳቀሳል።

ጸሎቱ ሲያልቅ ጽዋው ይመጣል። የኮኮናት ቅል ነው፤ የኮኮናት ውሃ በባሕር ውሃ ተበጥብጦ ይሞላበታል። መጀመሪያ አንባቢው ይጠጣል፣ ቀጥሎ ቆጣሪዋ፣ ከዚያ አርባው ሴቶች በተራ፣ ከአንድ ጠርዝ፣ ሳይጠረግ። የመጨረሻዋ ሴት ስትጠጣ ባሕሩ ተከፈተ ይባላል። ጽዋው ከፈሰሰ ግን አይከፈትም። ያንን ዓመት በሙሉ።

ዓመቱን በሙሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ሴቶቹ ስምንት ወር ጠብቀዋል።

ሜልኪ ቅሉን አነሳ። ከንፈሩን ውሃው ውስጥ ነከረ።

ቆየ።

ጉሮሮው አልተንቀሳቀሰም። ዓይኑ ግን ተዘግቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፣ የሆነ ሕመም የሚያምጥ ይመስላል። ከቅሉ ውስጥ ቀስ ያለ የመንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማኛል። ሴቶቹ እየዘመሩ ስለሆነ አልሰሙም።

ቅሉን ሰጠኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

ከላይ እንደ ንፍጥ የተዘረጋ ዝልግልግ ነገር ይንሳፈፋል። ከሥሩ ሩዝ የፈሰሰበት ይመስላል። ሩዙ ግን ይዋኛል። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት ጥቁር ነጥብ አለው። የእኔ ጥላ ውሃው ላይ ሲያርፍ ሁሉም እኩል ወደ ላይ ዞሩ።

"ጠጪ እንጂ" አለች ከኋላዬ ያለችው ሴት። "ፀሐዩ ገደለን እኮ!"

ሜልኪን አየሁት። አየኝ። በሁለት ጣት የምይዘው ቅል ነው፤ ባሳልፈው ወንድሜ ተአምር ሆኖ ይኖራል። አርባው ሴቶች ግን...

ማማ ዶርካስ በቀይ ጥርሳቸው ፈገግ ብለው አፋቸውን አሰናድተዋል።

ደፋሁት።

ከዚያ ሰማይ ተደፋብኝ። አርባ ሴት በአንድ ጊዜ ጮኸ። "አበደች!" "ቅናት ነው፣ ቅናት!" "ልጆቻችን ምን ይብሉ?" አንዷ ፀጉሬን ይዛ ጎተተችኝ። ማማ ዶርካስ በጥፊ አጮሉኝ፤ ጆሮዬ ጭው አለ።

"አሸዋውን እዩት!" ብዬ ጮህኩ። "እባካችሁ አሸዋውን እዩት!"

ማንም አላየም። ሁሉም የሚያየው እኔን ነው።

በእግሮቻቸው መሀል ግን ሜልኪ ተንበርክኮ ነበር። አሸዋው ላይ ነጮቹ ይርመሰመሳሉ። ወደ ባሕሩ አይደለም የሚሄዱት። ወደ ሴቶቹ ባዶ እግር ነው። ሜልኪ በሌባ ጣቱና በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ይለቅማል። ቶሎ ቶሎ፣ ግን በጥንቃቄ፣ አንዱንም ሳያደቅቅ። አንዲት አሮጊት ተረከዝ ላይ የወጣ ነበር፤ እሱንም ለቀመው። አሮጊቷ አልተሰማትም።

የለቀመውን ወደ አፉ ይከታል።

አንድም አልቀረም። ሲጨርስ አፉን ገጠመና ተነሳ። ጉንጮቹ ተነፋፍተው ይንቀሳቀሳሉ። ከአፍንጫው ቀጭን ደም ይወርዳል።

"ሜልኪ" አልኩት።

ሊመልስልኝ ሞከረ። አፉን መክፈት ግን አልቻለም፣ ወይም አልፈለገም። የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከሐሙስ ጀምሮ ያላየሁትን ወንድሜን ያን ጊዜ አየሁት። ምን ሊለኝ እንደፈለገ አላውቅም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጨርስለት አልቻልኩም።

ዞሮ ወደ ባሕሩ ገባ።

ጉልበቱ ድረስ... ወገቡ ድረስ... አልሮጠም። ሁለት እጁን አፉ ላይ ደራርቦ ጭኖ ነበር። ያሉት እንዳይወጡ ይሁን፣ ሰው እንዳይጎዳቸው ይሁን፣ እስከዛሬ አላውቅም። ከፀጉሬ የያዘችኝን ሴት ገፍትሬ ስነሳ ውሃው አናቱ ላይ ገጠመ።

ዋኝቼ ሄድኩ። ጠለቅኩ። ወገብ ልክ በሆነው ቦታ ሳይቀር ፈለግኩት። መንደሩ ዘግይቶ ገባው፤ ጀልባዎች ወጡ፣ ማማ ዶርካስ ልብሳቸውን እንደለበሱ ውሃ ውስጥ ገብተው ስሙን ይጣራሉ።

እኔ ከጀልባዋ ላይ ሆኜ የገባበትን ቦታ አየሁ። ጠላቂ ነኝ፣ ይህን አውቃለሁ። ሰው ውሃ ውስጥ ሲገባ ምንም ቢሆን አየር ይለቃል። ቢዋኝም፣ ቢሰምጥም፣ ቢሞትም፣ የያዘው ትንፋሽ ወጥቶ ላዩ ላይ ይፈነዳል።

ባሕሩ መስታወት ነበር። ፀሐይ እስክትጠልቅ ተቀምጬ አየሁ።

አንዲት አረፋ እንኳ አልወጣችም።